ዘበኛ፣ ዳኛ፣ የሙሽራ አባት፤ ከዚያ ፕሮዲውሰር

መሪ ተዋናይ ሆኜ አላውቅም። ፖስተር ላይ ፊቴ ከወጣም ዳር ላይ ነው። ዘበኛ፣ ዳኛ፣ አራጣ አበዳሪ፣ ቄስ፣ የሙሽራ አባት ስሆን ነው ዕድሜዬ ያለፈው። በዚሁ ሥራ ልጆች አሳድጌበታለሁ። አሁን ደግሞ ፕሮዲውሰር ነኝ። ወጣት ተዋንያን ሲያገኙኝ «ጋሼ፣ ግን እንዴት ዘለቁት?» ይሉኛል። ይህን የምጽፈው ለእነሱ ነው።

የጀመርኩት በደርግ ጊዜ፣ በቀበሌ ኪነት ነው። ከዚያ ቴአትር ቤት ተቀጠርኩ። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው አገር ፍቅርም ሆነ በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ ተዋናይን በወር ደሞዝ ቀጥረው ነው የሚያሠሩት። ደሞዟ ትንሽ ናት። ግን የተመደብክበትን ሁሉ ትሠራለህ፤ ዛሬ ንጉሥ፣ ነገ ጦር ያዥ። ጦር ይዞ መቆም ደግሞ ትልቅ ትምህርት ቤት ነው። የጸጋዬ ገብረ መድኅንን ስንኝ መድረክ ላይ ለመናገር ትንፋሽ ይጠይቃል። መስመሩ ሳያልቅ ትንፋሽህ ካለቀ ሐሳቡ ይቆረጣል። ይህን የተማርኩት ከኋላ ቆሜ ትልልቆቹን በመስማት ነው።

ወጋየሁ ንጋቱም በሬዲዮ አስተምሮኛል። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲተርክ ፊታውራሪ መሸሻም ጉዱ ካሳም ከአንድ ጉሮሮ ይወጣሉ፤ ግን አይምታቱም። ለእያንዳንዱ ሰው የራሱን አነጋገር፣ የራሱን ዝምታ ሰጥቶታል። ትንሽ ሚና ያለው ተዋናይ ከዚህ የሚበልጥ መምህር አያገኝም።

አንድ ጊዜ የዘበኛ ሚና ደረሰኝ። ቃለ ተውኔቱ ጥቂት መስመር ነው፤ «አቤት ጌታዬ»፣ «አልመጡም»፣ በቃ። ሰፈራችን አንድ ቪላ በር ላይ የሚቀመጡ አዛውንት ነበሩ። አጠገባቸው እየተቀመጥኩ አወራቸው ጀመር። ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው አይቀመጡም፤ ጎናቸውን ሰጥተው ጆሯቸውን ነው ወደ በሩ የሚያደርጉት። የሌላ ሰው መኪና ክላክስ ቢያደርግ ቀስ ብለው ነው የሚነሱት። የአሠሪያቸው መኪና ግን ገና ከመታጠፊያው ሞተሩ ሲሰማ ይነሳሉ። ጋቢያቸውን ያስተካክላሉ፣ ዱላቸውን ግድግዳ ላይ ያስደግፋሉ፣ ክላክሱ ሳይነፋ በሩ ተከፍቷል። መድረክ ላይ ያንኑ አደረግኩት። ማንም ሳይጠራኝ ተነሳሁ። ታዳሚው ሳቀ፣ ቀጥሎ አጨበጨበ፤ ጌታው ገና አልገባም! አዘጋጁም በልምምዱ ያልነበረውን ነገር ወደደው፤ እንዲቀጥል አደረገ። ከዚያ ወዲህ ሚና ሲሰጠኝ ስንት መስመር አለው ብዬ አልጠይቅም። ሰውዬው ምን ይሰማል፣ ማንን ይጠብቃል የሚለውን ነው የምፈልገው።

ከዚያ ፊልም መጣ። የመጀመሪያው የአማርኛ ፊልም በ1957 ዓ.ም. ቢሠራም፣ በሴሉሎይድ፣ በጥቅል ፊልም ማለት ነው፣ መቅረጽ ውድ ስለነበር ለብዙ ዓመት ፊልም ብርቅ ነበር። በ1990ዎቹ የቪዲዮ ካሜራ ሲገባ ነው በሩ የተከፈተልን። ከመድረክ ለመጣ ሰው ካሜራ ይከብዳል። ለመጨረሻው ወንበር የለመደ ድምፅ፣ ካሜራ ፊት ጩኸት ይሆናል። እጄን ቀነስኩ፣ ድምፄን ቀነስኩ። ማዳመጤን ግን ጨመርኩ። ቀረጻ ላይ ብዙ ሰው የራሱን ተራ ነው የሚጠብቀው። የተቀረጸውን ቆርጦ የሚቀጥለው ኤዲተር ሲቸግረው ግን የሚፈልገው የሚያዳምጥ ፊት ነው። በዚህ ምክንያት ሦስት መስመር የነበረኝ ፊልም ላይ ከብዙዎች በላይ ታይቻለሁ።

ደግሞ ፊልም በቅደም ተከተል አይቀረጽም። ጠዋት ቀብር፣ ከሰዓት ሠርግ ትሠራለህ። ስለዚህ ደብተር ያዝኩ፤ የትኛው ትዕይንት ላይ የቱን ሸሚዝ ለበስኩ፣ ጺሜ ምን ያህል ነበር፣ መነጽሩ በየትኛው እጄ ነበር። ቀስ በቀስ የሌሎቹንም መጻፍ ጀመርኩ። ረዳት አዘጋጆቹ «ጋሼ፣ ትናንት ሻርፗ በየት በኩል ነበር?» እያሉ እኔን ይጠይቁኛል። የትኛው ቀን ለምን እንደባከነ፣ ማን ማንን ሲጠብቅ እንደዋለ፣ ሁሉም እዚያ ደብተር ላይ አለ። ፕሮዲውሰርነትን የተማርኩት ከዚያ ነው።

የክፍያ ነገርም አለ። «ፊልሙ ይውጣና እንሰጥሃለን» ተብዬ፣ ፊልሙ ወጥቶ፣ ታይቶ፣ ገንዘቤ የቀረበት ጊዜ ብዙ ነው። እኔ ፕሮዲውስ ሳደርግ ውል ያልፈረመ ሰው ካሜራ ፊት አይቆምም። ክፍያው ደግሞ ቀረጻው ሳይዘጋ ያልቃል። ሻይ የምታፈላዋም ጭምር።

ለመጀመሪያው ፊልም ብር ያገኘሁት ከዕቁብና ከሁለት ጓደኞቼ ነው። ስለዚህ ታሪኩ አንድ ግቢ ውስጥ የሚያልቅ እንዲሆን መረጥን። በጀቱን ስሠራ ከምሳና ከትራንስፖርት ጀመርኩ፤ የራበው ሰው ጥሩ አይተውንም። መብራት ስለሚጠፋ ጀነሬተር ያዝን። ቤቱን ያከራየን ቤተሰብ ሳሎኑ ገመድ በገመድ እንደሚሆን ቀድሞ ተነግሮታል። ዋናው ቁጠባ የመጣው ግን ከቴአትር ቤት ልማድ ነው። ካሜራ ሳይከራይ ሁሉም ተዋናይ ስክሪፕቱን አብሮ አንብቦ ተለማመደ። በልምምድ የሚፈታ ነገር በኪራይ ካሜራ ፊት ሲፈታ ውድ ነው።

ዘመኑም አንድ ቦታ አይቆምም። በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ይዞ ሲመጣ ብዙ ተመልካች ቤቱ ቁጭ አለ። ከዚያ ዩቲዩብ አለ። እኔም ፊቴን ወደ ተከታታይ ድራማ አዞርኩ። ለእኔ ዓይነቱ ተዋናይ እንዲያውም ተመችቶታል፤ ድራማ ሲረዝም ጎረቤቱም፣ አጎቱም፣ ባለሱቁም ታሪክ ያስፈልጋቸዋል። ለዚህ ነው ለሁሉም ተዋናይ ሙሉውን ስክሪፕት የምሰጠው። የራሱን ገጽ ብቻ የያዘ ሰው የሌላውን ታሪክ አያውቅም።

ለካስቲንግ፣ ለተዋናይ መረጣ፣ የሚመጡ ልጆች ረጅም ንግግር ሸምድደው ይመጣሉ። በደስታ እሰማቸዋለሁ። ከዚያ ሌላ ትዕይንት እሰጣቸዋለሁ፤ የምናገረው እኔ ነኝ፣ እነሱ ምንም አይሉም። የምመርጠው በዚህኛው ነው።