ካምቢዮው ደረቴ ላይ፣ ወሬው ጣቴ ላይ

ሰው መኪና ስር ተንጋሎ፣ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥኑ) ደረቱ ላይ ወድቆበት ብታዩ መጀመሪያ ምን ታያላችሁ? የእኛ ኮንዶሚኒየም ሰው ያየው አውራ ጣቴን ነው።

መኪናዬ፣ ቶዮታ ዲኤክሷ፣ ዘይት ታንጠባጥባለች። ከላይ ከሞተሩ ራስ፣ ከቴስታታው ክዳን እየወረደ ያታልል ይሆናል ብዬ አጥቤ ጠበቅኩ፤ የለም፣ ሞተርና ካምቢዮ ከሚገናኙበት ነው። የኋላ ኦይል ሲል! ዘይቱ ሞተሩን ከካምቢዮ የሚያያይዘውን ፍሪሲዮን ስለነካው ቸርችልን ሽቅብ ስወጣ ሞተሩ ይጮሃል እንጂ መኪናዋ ንቅንቅ አትልም፤ የታክሲ ረዳቶች ሳይቀሩ «ግፋው!» እያሉ ያልፉኛል። ኦይል ሲል ማለት ዘይት እንዳያመልጥ የሚይዝ የጎማ ቀለበት ነው፣ ዋጋው ከአንድ ክትፎ ብዙም አይበልጥም። ግን እሱ ጋ ለመድረስ ካምቢዮ ይወርዳል፣ ፍሪሲዮን ይፈታል፣ ቮላኖ የሚባለው ከባድ ክብ ብረት ይነሳል። መካኒኩ የእጅ ዋጋ ሲጠራልኝ «ራሴ እሠራታለሁ» አልኩ።

ሲሉን የገዛሁት ሶማሌ ተራ ነው። «ኦርጅናል ነው?» ስለው «ኦርጅናል ታይዋን!» አለኝ። ይሄ ነገር እስካሁን ያበግነኛል። ኦርጅናል ከሆነ ኦርጅናል በለኝ፣ ታይዋን ከሆነ ታይዋን በለኝ። ኦርጅናል ታይዋን ምንድን ነው?

ቅዳሜ ጠዋት በክሪክ አነሳኋት፤ ክሪክ ብቻውን ስለማይታመን ከስር ድጋፍ አቆምኩ። ካምቢዮውን አብሮኝ ሊያወርድ ቃል የገባው ጓደኛዬ «ደርሻለሁ፣ ልደታ ነኝ» ይለኛል፤ ከጀርባው የቤቱ ቴሌቪዥን ይሰማል። የመጨረሻው ቦሎን ሲወጣ ያ ሁሉ ከባድ ብረት ሹልክ ብሎ ደረቴ ላይ ተቀመጠ። ስፈራገጥ ነጠላ ጫማዬ ወለቀ፤ የግራ ካልሲዬ ቀዳዳ ሰፋና አውራ ጣቴ በመስኮት አንገቱን እንዳወጣ ጎረቤት ብቅ አለ።

ከዚያ በኋላ ከእኔ ጋር ያወራ የለም። ሁሉም ከጣቴ ጋር ነው።

መጀመሪያ የላይኛው ፎቅ እትዬ መጡ። «ውይ በሞትኩት! ልጄ፣ ብርድ ይመታሃል እኮ!» ብለው ጣቴ ላይ ሶፍት ጣል አደረጉበትና ሄዱ። አንድ ሕፃን ሶፍቱን አይቶ «እማዬ፣ ሰውዬው ሞተ?» አለ። ደላላው ደግሞ «ብራዘር፣ ትሸጣታለህ?» አለ። ለእርዳታ ጣቴን ባወዛውዝ «ገባኝ፣ ለዋጋ ትደራደራለህ» ብሎ ስልኩን አወጣ።

ቀጥሎ ባለ ኤሌክትሪክ መኪናው ጎረቤቴ ደረሰ። በ2016 ነዳጅ የሚጠጣ የቤት መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ይሄ ሰውዬ ሰላምታውም ስለ ቻርጅ ሆኗል። «እኔ እኮ ነግሬሃለሁ! ዘይት የለ፣ ሲል የለ፣ ንጹሕ ነገር!» ይለዋል ጣቴን። ያንተዋም ማርሽ ሳጥን አላት! ዘይት አላት፣ ሲልም አላት! ይህን ለማለት አየር ያስፈልጋል፤ አየሩን ደግሞ ካምቢዮው ይዞታል።

ያወጣኝ ሊስትሮ ነው። ጫማ ፈልጎ መጥቶ ጫማ ሲያጣ ጎንበስ ብሎ ፊቴን ያየ እሱ ብቻ። «ጋሼ፣ ላግዝህ?» አለና ጓደኛውን ጠርቶ አነሱልኝ።

ቀሪው ሥራ ቀላል ነበር። አሮጌውን ሲል ዘንጉን ሳልጭር በካቻቢቴ ፈልቅቄ አወጣሁ፣ የአዲሱን ከንፈር ዘይት ቀባሁ፣ ዙሪያውን እኩል እየመታሁ አስገባሁት። የሞተሩን መተንፈሻ ቱቦም አጸዳሁ፤ እሱ ከተደፈነ ግፊቱ አዲሱንም ሲል ያስተፋዋል። ዛሬ ስሯ ያነጠፍኩት ካርቶን ደረቅ ነው። ይህን ግን ማንም አላየም።

ማታ የብሎካችን ቴሌግራም ላይ «በግቢ ውስጥ መኪና መጠገን ክልክል ነው» የሚል የኮሚቴ ማስታወቂያ ከነፎቶው ወጣ። ፎቶው ላይ መኪናዋ አትታይም፤ ካልሲው፣ ጣቱና ሶፍቱ ግን ጥርት ብለው ይታያሉ። ባለ ኤሌክትሪኩ ልብ ሰጥቶታል። አንዱ «ይሄ ደግሞ የማን ነው?» ብሎ ጠየቀ። ባለቤቴ አጠገቤ ቁጭ ብላ፣ እኔን ቀና ብላ እንኳ ሳታይ፣ «የእኔ ነው» ብላ ጻፈችለት።