ሴሉ ውስጥ ያለውና ዓይን የሚያየው

መሥሪያ ቤታችን አዲስ ሰው ሲቀጠር ኤክሴል የሚባለውን የሠንጠረዥ ፕሮግራም የማለማመዱ ነገር ወደ እኔ ይመጣል። ሥራዬ የመጋዘን ዕቃ መመዝገብ ስለሆነ ከዚህ ፕሮግራም ጋር ነው የምውለው። ማለማመዱን እወደዋለሁ። ሺቱን፣ ማለትም የሠንጠረዡን ገጽ፣ ሲፈራ የነበረ ሰው ደፍሮ መነካካት ሲጀምር ማየት ደስ ይላል።

ብዙዎቹ ማስታወሻ ደብተር ይዘው ይመጡና "የትኞቹን ፎርሙላዎች ልሸምድድ?" ይሉኛል። ፎርሙላውን፣ ማለትም ሴል ውስጥ የሚጻፈውን የስሌት ትእዛዝ፣ ለጊዜው እናቆየው እላቸዋለሁ። ሴል የምንለው ሠንጠረዡ ላይ ያለችውን አንዷን ሳጥን ነው። መጀመሪያ መግባት ያለበት ነገር ሌላ ነው። ሴሉ ውስጥ ያለውና ዓይናችን የሚያየው ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። ይህ የገባው ሰው ቀሪውን ራሱ እየነካካ ይደርስበታል። ያልገባው ግን መቶ ፎርሙላ ቢሸመድድም ድምሩ ለምን እንደተዛባ አያውቅም።

ባዶ ሺት ክፈቱ። አንድ ሴል ላይ 250 ብላችሁ ጻፉና ኢንተር በሉ። ቁጥሩ ወደ ቀኝ ይጠጋል። ከሥሩ ደግሞ "250 ኪሎ" ብላችሁ ጻፉ። ይኼኛው ወደ ግራ ይሄዳል። ፕሮግራሙ የመጀመሪያውን ቁጥር ብሎ ተቀብሎታል፤ ሁለተኛውን ግን ተራ ጽሑፍ ብሎ ይዞታል። አሁን ሁለቱን ሴሎች ሳም (SUM) በሚባለው የመደመሪያ ፎርሙላ ደምሯቸው። መልሱ 250 ነው። ጽሑፉን ዝም ብሎ ዘለለው። በመደመር ምልክት አንዱን ከሌላው ጋር ብትደምሩት ኖሮ ቢያንስ የስሕተት መልእክት ያወጣ ነበር። ሳም ግን ትንፍሽ አይልም። ለዚህ ነው ረጅም ዝርዝር ውስጥ እንዲህ ያለ አንድ ሴል ከተሸጎጠ ድምሩ ጎድሎ ማንም ሳያየው የሚያልፈው። ሴሉ ውስጥ ቁጥሩን ብቻ ጻፉ። "ክብደት በኪሎ" የሚለው ዓምዱ አናት ላይ ይቀመጥ።

የዕቃ መለያ ቁጥር ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። 00417 ብላችሁ ስትጽፉ 417 ሆኖ ይቀራል፤ ከፊት ያለ ዜሮ ለቁጥር ትርጉም የለውም። ረጅም ቁጥር ላይ ጉዳቱ ይብሳል። ኤክሴል የሚይዘው 15 አሃዝ ብቻ ስለሆነ 16 አሃዝ ያለው ቁጥር ስታስገቡ የመጨረሻው አሃዝ ወደ ዜሮ ይለወጣል። በኋላ የሴሉን ፎርማት፣ ማለትም የአቀራረቡን ዓይነት፣ ብትቀይሩም አይመለስም። ስለዚህ የማይደመርና የማይቀነስ ቁጥር ሁሉ፣ ስልክም ሆነ መለያ፣ ከመጻፋችሁ በፊት ዓምዱን ወደ ጽሑፍ ቀይሩት።

ቀንም እንዲሁ ነው። በዓይን የሚታየው ቀን፣ ወርና ዓመት ነው። ውስጡ ያለው ግን ተራ ቁጥር ነው። ቆጠራው የሚጀምረው እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 1900 ነው፤ 45000 ብላችሁ ጽፋችሁ ወደ ቀን ብትቀይሩት ማርች 15 ቀን 2023 ይሆናል። ጥቅሙ ብዙ ነው፤ አንዱን ቀን ከሌላው ስትቀንሱ በመሃል ያሉት ቀናት ወዲያው ይወጡላችኋል። ችግሩ ፕሮግራሙ ቀን የሚመስለውን ሁሉ ሳይጠይቅ ወደ ቀን መቀየሩ ነው። "ማርች1" የሚል ስም የነበረው የሰው ጂን ሳይቀር ቀን እየሆነ ሳይንቲስቶችን ሲያስቸግር ኖሯል። የጂን ስም የሚያጸድቀው ኮሚቴ በ2020 እንዲህ ያሉትን ጂኖች ስማቸውን ቀይሮላቸዋል። ፕሮግራሙ እስኪስተካከል አልጠበቁም፣ ስሙን ቀየሩት!

ሰው ሁሉ የሚገረምበት አንድ ሙከራ አለ። በሦስት ሴሎች ውስጥ 1ን ለ3 አካፍሉና ከነጥብ በኋላ ሁለት አሃዝ ብቻ እንዲታይ አድርጉ። 0.33፣ 0.33፣ 0.33። ደምሩት፤ 0.99 ስትጠብቁ 1.00 ይላል። "ኮምፒውተሩ ተሳሳተ" ይሉኛል። አልተሳሳተም። ያጠረው የሚታየው ብቻ ነው፤ ውስጡ ያለው ረጅሙ ቁጥር እንዳለ ነው። እውነት እንዲጠጋጋ ከተፈለገ ራውንድ የሚባለው ፎርሙላ አለ።

ወደ ፎርሙላ የምሄደው ከዚህ በኋላ ነው። ዳን ብሪክሊንና ቦብ ፍራንክስተን በ1979 ቪዚካልክ የሚባለውን፣ ከኤክሴል በፊት የነበረ የሠንጠረዥ ፕሮግራም ለአፕል 2 ኮምፒውተር ያወጡት ለአንድ ችግር ነበር። በወረቀትና በሰሌዳ የተሠራ ሠንጠረዥ ላይ አንድ ቁጥር ሲቀየር ከሱ ጋር የተያያዘው ሁሉ ተሰርዞ እንደገና ይሰላል። ፕሮግራሙ ግን ይህን በራሱ ይሠራዋል። ስለዚህ ፎርሙላ ውስጥ ቁጥሩን ራሱን ከጻፋችሁ የፕሮግራሙን ዋና ጥቅም ጣላችሁት ማለት ነው። የሴሉን አድራሻ፣ ማለትም የዓምዱን ፊደልና የረድፉን ቁጥር፣ ጻፉ።

አድራሻው ግን አንድ ጠባይ አለው። ቢ ዓምድ ላይ የዕቃ ዋጋ አለ እንበል። ኢ1 ላይ የማጓጓዣ ወጪ 5 በመቶ ተብሎ ተቀምጧል። ሲ2 ላይ እኩል ይሆናል፣ ቢ2፣ የማባዣ ኮከብ፣ ኢ1 (=B2*E1) ብላችሁ ጻፉ። ትክክለኛ መልስ ይመጣል። አሁን የሴሉን ቀኝ ታችኛ ጥግ ይዛችሁ ወደ ታች ጎትቱት። ከሥር ያለው ሁሉ ዜሮ! ሲ3ን ጠቅ አድርጋችሁ ከላይ ፎርሙላው የሚታይበትን መስመር፣ ፎርሙላ ባሩን፣ እዩት። ቢ3 ሲባዛ በኢ2 ይላል። ኢ2 ደግሞ ባዶ ነው።

ለምን? ፎርሙላው ወደ ሌላ ሴል ሲገለበጥ የሚይዘው አቅጣጫውን ነው፤ "በግራዬ ያለውን ሴል፣ ሁለት ዓምድ በቀኝ አንድ ረድፍ ከፍ ብሎ ካለው ጋር አባዛ።" አንድ ረድፍ ሲወርድ ሁሉም አብሮት ይወርዳል። ለቢ ዓምድ የምንፈልገውም ይህንኑ ነው። ኢ1 ግን ከቦታው ንቅንቅ ማለት የለበትም። ስለዚህ ፎርሙላው ውስጥ ኢ1 ላይ ጠቋሚውን አድርጋችሁ ኤፍ4ን ተጫኑ። ከፊደሉም ከቁጥሩም ፊት የዶላር ምልክት ይመጣል። ምልክቱ አድራሻው እንዳይንቀሳቀስ ይይዘዋል፤ ከገንዘብ ጋር አይገናኝም። እንደገና ጎትቱት። እኔ እዚህ ጋ ቶሎ አልቸኩልም፤ ሰዎቹ ዶላሩን እያነሱና እየመለሱ ራሳቸው እስኪያዩት እጠብቃለሁ።

ሠንጠረዥ አሠራር ላይ የምለው አጭር ነው። አንድ ዕቃ በአንድ ረድፍ፣ አንድ ዓይነት መረጃ በአንድ ዓምድ። መሃል ላይ ባዶ ረድፍ አታስገቡ፤ ሶርት ስታደርጉ፣ ማለትም በቅደም ተከተል ስታስቀምጡ፣ ከባዶው በታች ያለው ሊቀር ይችላል። ሴሎችን አንድ ላይ ማዋሃድ ደግሞ በፍጹም አልወድም። ለዓይን ያምር ይሆናል፣ ሶርትንና ፊልተርን (የተፈለገውን ብቻ መርጦ ማሳየትን) ግን ያበላሻል።

ፎርሙላ የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያበቃ ማየት ባለሙያዎችም የሚዘነጉት ነገር ነው። ሬይንሃርትና ሮጎፍ የተባሉ ኢኮኖሚስቶች በ2010 ስለ መንግሥት ዕዳና ዕድገት ያወጡት ጥናት በብዙ አገር ፖለቲከኞች ዘንድ ሲጠቀስ ቆየ። በ2013 ቶማስ ሄርንደን የተባለ ተማሪ ፋይሉን ከፍቶ ሲያየው ከሌሎች ጉድለቶች ጋር አንዱ አማካይ እስከ ረድፍ 49 መድረስ ሲገባው 44 ላይ ቆሞ አገኘው። አምስት አገሮች ከስሌቱ ውጭ ቀርተዋል።

ድምር ወይም አማካይ ያለበትን ሴል መርጣችሁ ኤፍ2ን ተጫኑ፤ አንዳንድ ላፕቶፕ ላይ ኤፍኤን ከሚለው ቁልፍ ጋር ነው። ፎርሙላው የሚያካትታቸው ሴሎች በቀለም ይከበባሉ። ክበቡ የመጨረሻው ረድፍ ድረስ መድረሱን በዓይናችሁ እዩ። ከዚያ በኢስኬፕ ውጡ። እኔ ሺት ለሌላ ሰው ከመላኬ በፊት ድምር ያለባቸውን ሴሎች በሙሉ እንዲህ አያቸዋለሁ።