መጽሐፉ ካታሎጉ ላይ አለ፣ የሚከፈት ፋይል ግን የለውም፦ አራት ወር ከኦኤምፒ ጋር

ኦፕን ሞኖግራፍ ፕሬስን መማር ከጀመርኩ አራት ወር ሞላኝ። ባጭሩ ኦኤምፒ ይባላል። ጥናታዊ መጽሐፍን ረቂቁ ከገባበት ቀን ጀምሮ ካታሎግ ላይ እስኪወጣ ድረስ በኢንተርኔት የሚያስተዳድር ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ነው። ታላቅ ወንድሙ ኦጄኤስ (ኦፕን ጆርናል ሲስተምስ) ነው። ብዙዎቻችሁ ጆርናል የምታስተዳድሩት በእሱ ነው፤ እኔም እንደዚያው። ስጀምር «መጽሐፍ ማለት ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፤ ኦጄኤስን የሚያውቅ ሰው በሁለት ቀን ይለምደዋል» ብዬ ነበር። ጊዜዬን የበላው ግን ሶፍትዌሩን መጫኑ አልነበረም። መጽሐፍ የምንለው ነገር ስንት ነገር እንደሆነ መረዳቱ ነው።

ሁለቱም ሶፍትዌሮች የወጡት ከአንድ ቤት ነው። ፐብሊክ ኖሌጅ ፕሮጀክት ይባላል። ጆን ዊሊንስኪ በካናዳው ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1998 የጀመረው ነው። የጥናት ውጤት ለማንኛውም አንባቢ ክፍት እንዲሆን ነው የሚሠሩት። ፈቃዱ ጂኤንዩ ጂፒኤል 3 ስለሆነ ማንም አውርዶ ይጭነዋል፣ ኮዱን ያያል፣ ይቀይረዋል። ክፍያ የለውም። ሰርቨርና የሚከታተለው ሰው ግን ይፈልጋል። ይህን ለኃላፊዎቻችሁ ከወዲሁ ንገሯቸው። «ነጻ ነው» ሲባል ሥራም የለውም ማለት የሚመስላቸው አሉ።

መጫኑ ላይ ብዙ አልቆይም። ፒኤችፒ የሚባለው የፕሮግራም ቋንቋና ማይኤስኪውኤል የሚባለው ዳታቤዝ ያለው ማሽን ካለ አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል፤ በማይኤስኪውኤል ፈንታ ፖስትግሬስም ይሆናል። ሁለት ነገር ብቻ ልጠቁም። አንደኛ፣ የሚገቡት ፋይሎች የሚቀመጡበትን ፎልደር ከድረ ገጹ ፎልደር ውጭ አድርጉት። ውስጥ ከሆነ፣ አድራሻውን የገመተ ሰው ገና ያልታተመ ረቂቅ ሊያወርድ ይችላል። ጸሐፊው አምኖ የሰጠን ነገር ነውና ይህን ቀላል አድርጋችሁ አትዩት። ሁለተኛ፣ ለሙከራ ስትጭኑ ኢሜይሉ በእውነት እንዳይላክ፣ ሎግ ፋይል ላይ ብቻ እንዲጻፍ አድርጉት። ማዋቀሪያ ፋይሉ ላይ ምርጫው አለ። እኔ መጀመሪያ ሳላስተካክለው ቀርቼ፣ ለአንድ ወዳጄ በአንድ ማታ አሥራ አንድ የግምገማ ግብዣ ደርሶታል።

ከዚያ የሙከራ መጽሐፍ አዘጋጀሁ። ዘጠኝ ምዕራፍ፣ ሰባት ጸሐፊ፣ አንድ የጥራዝ አርታኢ። ሦስት ወዳጆቼ ገምጋሚ፣ የቋንቋ አራሚና ገጽ ቀናባሪ ሆነው ተጫወቱልኝ። እነሱ ባይኖሩ የማውቀው ግማሹን ብቻ ነበር። ብቻችሁን በአንድ የአስተዳዳሪ አካውንት ከሞከራችሁት ሁሉም በር ክፍት ነው። ማን ምን እንደማይታየው አታዩም።

ኦኤምፒ ገና በመጀመሪያው ገጽ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፦ ይህ ሞኖግራፍ ነው ወይስ የብዙ ጸሐፊዎች ጥራዝ? ሞኖግራፍ ከሆነ መጽሐፉ በሙሉ የአንድ ሰው ወይም አብረው የጻፉት ሰዎች ሥራ ነው። ጥራዝ ከሆነ ግን እያንዳንዱ ምዕራፍ የራሱ ጸሐፊ አለው፤ ከላይ ደግሞ ሁሉንም ያሰባሰበው የጥራዝ አርታኢ አለ። ኦጄኤስ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም፤ አንድ ጽሑፍ የራሱን ጸሐፊዎች ይዞ ይመጣል፣ በቃ። እዚህ ምዕራፉ ራሱ ርዕስ፣ ጸሐፊ፣ አኅጽሮተ ጽሑፍ፣ ሲፈለግም የራሱ ገጽ ይኖረዋል። ምዕራፍ የጻፈ ሰው ስሙ በመጽሐፉ ሽፋን ላይ ላይወጣ ይችላል። ካታሎጉ ላይ ግን ከምዕራፉ ጋር በትክክል ይቀመጣል። ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ወራት ፈጅቶ አንድ ምዕራፍ የጻፈ ሰው «እና ሌሎችም» በሚል ተጠቅልሎ ሲቀር ብዙ ጊዜ አይቻለሁና።

ፋይል ሲገባም «ይህ ምንድን ነው?» ይላል። የምዕራፍ ረቂቅ ነው? መቅድም ነው? ዋቢ መጻሕፍት? የቃላት ጠቋሚ? አባሪ? ወይስ የመጽሐፍ ዕቅድ ብቻ? የመጨረሻው መኖሩ ደስ አሰኝቶኛል። መጽሐፍ ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ሙሉ ረቂቅ ይዞ አይደለም። ሐሳቡን፣ የምዕራፎቹን ዝርዝርና አንድ የናሙና ምዕራፍ ይዞ ነው።

እዚህ ላይ ነው ሁለቱ ግምገማዎች ትርጉም የሰጡኝ። ኦኤምፒ የውስጥ ግምገማና የውጭ ግምገማ የሚባሉ ሁለት ደረጃዎች አሉት። መጀመሪያ «ለምን ሁለት?» ብዬ ነበር። የሙከራ መጽሐፌን ሳንቀሳቅስ ገባኝ። ዕቅዱ ሲመጣ የተከታታዩ (መጽሐፉ የሚመደብበት የመጻሕፍት ረድፍ) አርታኢዎችና ቦርዱ በውስጥ ያዩታል፤ ለእኛ ይሆናል ወይ ብለው። ሙሉው ረቂቅ ሲመጣ ደግሞ ወደ ውጭ ባለሙያዎች ይሄዳል። የውስጡን የማይፈልግ አርታኢ ዘልሎ በቀጥታ ወደ ውጭ ይልካል። ግዴታ አይደለም።

አንድ ሙሉ ማታ ያጠፋሁበትን ደግሞ ልንገራችሁ። ወዳጄን ገምጋሚ አድርጌ መዝግቤዋለሁ። ልመድበው ስል ስሙ ዝርዝሩ ላይ የለም። ፈለግኩ፣ የለም። ዘግቼ ከፈትኩ፣ የለም። ለካ የውስጥ ገምጋሚና የውጭ ገምጋሚ ሁለት የተለያዩ የሥራ ድርሻዎች ናቸው። እኔ የመዘገብኩት በውጭ ገምጋሚነት ነው፣ የምፈልገው ደግሞ የውስጥ ግምገማ ላይ። ሰው ወይም ፋይል «ጠፋ» ስትሉ መጀመሪያ የሥራ ድርሻውን እዩ። እስካሁን ከገጠሙኝ መጥፋቶች አብዛኞቹ የተፈቱት በዚህ ነው።

ስም ተደብቆ ስለሚደረግ ግምገማም አንድ ነገር። ሲስተሙ የጸሐፊውን ስም ከገምጋሚው ገጽ ላይ ይደብቃል። የዎርድ ፋይሉ ውስጥ፣ በፋይሉ ባሕርያት ላይ የተቀመጠውን ስም ግን ራሳችሁ ነው ማጥፋት ያለባችሁ። ገምጋሚ የሆነው ወዳጄ ፋይሉን ከፍቶ በአስር ሰከንድ «ይሄ የእገሌ ነው» አለኝ። አሁን ወደ ግምገማ ከመላኬ በፊት እያንዳንዱን ፋይል ከፍቼ አያለሁ።

የቋንቋ እርማቱ ደረጃ ኦጄኤስን ለሚያውቅ አዲስ አይደለም። የወደድኩት ግን ውይይቱ ከፋይሉ ጎን መቀመጡን ነው። አራሚዋ በምዕራፍ አራት አንድ ቃል በሁለት ዓይነት ፊደል ተጽፎ አግኝታ የቱ ይሁን ብላ ጠየቀች። ጸሐፊው መለሰ። ከስድስት ሳምንት በኋላ ያው ጥያቄ በምዕራፍ ሰባት ሲነሳ መልሱ እዚያው ነበር። በየሰው ኢሜይል ተበታትኖ ቢሆን ኖሮ እንደገና ከመጠየቅ ውጭ ምርጫ አልነበረንም።

አሁን ርዕሱ ላይ ወዳለው ነገር ልምጣ። ሁሉም ደረጃ አልቋል። ፒዲኤፉ ገብቷል። ሽፋኑ ተጭኗል። «አትም» የሚለውን ተጫንኩ። አረንጓዴ ሆነ። በደስታ ካታሎጉን ከፈትኩ። ሽፋኑ አለ፣ ርዕሱ አለ፣ ዘጠኙ ምዕራፎች ከነጸሐፊዎቻቸው ተደርድረዋል። ፒዲኤፉ ግን የለም። የሚጫኑት ቁልፍ እንኳ የለም። ሌላ ብራውዘር ሞከርኩ፣ ካሹን አጸዳሁ፣ ፋይሉን እንደገና ጫንኩ። ምንም።

በማግስቱ ጠዋት ቡናዬን ይዤ የኅትመት ቅርጾች የሚለውን ገጽ ቀስ ብዬ አየሁት። ለካ አንድ ፋይል አንባቢ ዘንድ እስኪደርስ አራት ይሁንታ ይፈልጋል። የቅርጹ መረጃ ተሟልቷል ወይ? ቅርጹ ለአንባቢ ይገኛል ወይ? የፋይሉ የመጨረሻ እርማት ጸድቋል ወይ? ፋይሉ የሚሰጠው በምን ሁኔታ ነው፣ በነጻ ወይስ በሽያጭ? እያንዳንዱ ለብቻው ይጫናል። እኔ የመጀመሪያውን ብቻ ነበር የተጫንኩት።

መጀመሪያ ተናደድኩ። አራት ጊዜ ምን ያስጠይቃል? ቆይቼ ግን ሳስበው እነዚህ አራት ጥያቄዎች በማሳተሚያ ቤት ውስጥ የአራት ሰዎች ጥያቄ ናቸው። አንዱ መረጃውን ያስገባል። ሌላው የገጹን ቅንብር አይቶ ያጸድቃል። ፒዲኤፉ ዛሬ፣ ወረቀቱ ከወር በኋላ ይውጣ የሚል ሌላ ሰው ይኖራል። ዋጋ ይኑረው አይኑረው የሚወስነው ደግሞ ኃላፊው ነው። እኔ አራቱንም ሆኜ ስለሠራሁ ነው ድግግሞሽ የመሰለኝ። ያኔ ነው ኦኤምፒ ላይ ያለኝ አመለካከት የተቀየረው። ፋይል ማስቀመጡን ማንኛውም ፎልደር ይሠራዋል። ይህ ሲስተም የሚይዘው ማን፣ መቼ፣ ምን አይቶ «ይሁን» እንዳለ ነው። አሁን ለአዲስ ሰው ሳስተምር የምጀምረው ከዚህ ገጽ ነው።

እያንዳንዱ ቅርጽ የራሱ አይኤስቢኤን፣ ማለትም የመጽሐፍ መለያ ቁጥር፣ ሊኖረው እንደሚገባም የገባኝ እዚያው ገጽ ላይ ነው። ፒዲኤፉ አንድ፣ ኢፐብ የሚባለው የኢ-መጽሐፍ ፋይል ሌላ፣ የወረቀቱ ሌላ። ቁጥሩን ከማስገባቴ በፊት በእጄ አረጋግጣለሁ፤ ከባድ አይደለም። ለምሳሌነት በብዙ ቦታ የሚጠቀሰውን 978-3-16-148410-0 እንውሰድ። የመጨረሻውን ተዉትና 12ቱን አሃዞች ከግራ ጀምራችሁ በተራ በ1 እና በ3 አባዙ፤ 9 በ1፣ 7 በ3፣ 8 በ1 እያላችሁ። ድምሩ 100 ይመጣል። ወደ ቀጣዩ የ10 ብዜት ለመድረስ የሚጎድለው 0 ነው፤ የመጨረሻው አሃዝም 0 ነው። ትክክል። አሁን 84 የሚለውን 48 ብላችሁ ብትጽፉት ድምሩ 108 ይሆናል። የሚጎድለው 2 ስለሆነ ስህተቱ ይያዛል። ይሁንና የማያመልጠው የለም ማለት አይደለም። 16 የሚለውን 61 ብትሉት ድምሩ 90 ይመጣል፣ የሚጎድለው አሁንም 0 ነው። ጎን ለጎን ያሉ አሃዞች ልዩነታቸው 5 ከሆነ መገለባበጣቸው አይታወቅም። ስለዚህ ካሰላሁ በኋላም ቁጥሩን ከወረቀቱ ጋር አንድ በአንድ አስተያያለሁ።

ዲኦአይ (አንድን ሥራ በኢንተርኔት ላይ የሚለይ ቋሚ መለያ) ላይ ምክሬ አጭር ነው። ሲስተሙ ለመጽሐፉ፣ ለምዕራፉ፣ ለቅርጹ፣ ለፋይሉም ጭምር መስጠት ያስችላል። ለሁሉም አትስጡ። እኔ ለመጽሐፉና ለምዕራፎቹ ብቻ ነው የምሰጠው፤ ሰው የሚጠቅሰው እነዚህን ነውና።

ኦኤምፒ የማይሠራውንም ልንገራችሁ፣ ጠብቃችሁ እንዳታዝኑ። ገጽ አይቀናብርም። ዎርድ አስገብታችሁ ያማረ ፒዲኤፍ አይሰጣችሁም። ያንን ውጭ ሠርታችሁ ነው የምታስገቡት። ልምድ ያለው ሰው የማግኘት ዕድላችሁም ከኦጄኤስ ያነሰ ነው። ሆኖም በደንብ ሲያዝ የት እንደሚደርስ ማየት የፈለገ የበርሊኑን ላንጉዊጅ ሳይንስ ፕሬስ ካታሎግ ይመልከት። የሥነ ልሳን መጻሕፍትን በነጻ የሚያወጣ ማሳተሚያ ነው፤ ካታሎጉ የቆመው በዚህ ሶፍትዌር ላይ ነው። ተከታታዮቹ እንዴት እንደተደራጁ አይቼ የራሴን ሁለት ጊዜ አፍርሼ ሠርቻለሁ።

ባለፈው ሳምንት የሞከርኩት ባክአፕ ነው። ዳታቤዙን ገልብጬ ሌላ ማሽን ላይ መለስኩት። ርዕሶቹ፣ ጸሐፊዎቹ፣ የገምጋሚዎቹ አስተያየት ሁሉ መጡ። ረቂቅ ልክፈት ስል ግን አንድም ፋይል የለም። ዳታቤዙ የሚያውቀው ፋይሉ የት እንዳለ ነው፣ ፋይሉ ራሱ ሌላ ቦታ ነው። ያን ከድረ ገጹ ውጭ አስቀምጡ ያልኳችሁን ፎልደር ረስቼው ነበር። ሽፋኖቹ ያሉበትን የሕዝብ ፎልደርና ማዋቀሪያ ፋይሉን ጨምሬ አራቱንም ስገለብጥ መጽሐፉ ሙሉ ሆኖ ተነሳ።

አሁን ያለሁት ኦኒክስ ላይ ነው። የመጽሐፍ መረጃ ለሻጮችና ለቤተ መጻሕፍት በኤክስኤምኤል የሚላክበት መስፈርት ነው። ኦኤምፒ በኦኒክስ 3.0 ያወጣዋል። የመጀመሪያውን ፋይል ትናንት ማታ አወጣሁ። ከፍቼ ሳየው ከዘጠኙ ምዕራፎች የሁለቱ ጸሐፊዎች የመጀመሪያ ስምና የአባት ስም ቦታ ተለዋውጦ ነው የገባው። ስህተቱ የእኔ ነው፤ ስመዘግባቸው ነው የተሳሳትኩት። ዛሬ እሱን አስተካክዬ እንደገና አወጣለሁ። ከእናንተ ኦኒክስ ወደ ሻጭ ልኮ የተሳካለት ካለ፣ መጀመሪያ የተመለሰባችሁ በምን ምክንያት እንደነበር ጻፉልኝ።