የእማዬ ውስጥ እግር

ዛሬ ጠዋት ስልኬን ስከፍት መጀመሪያ ያየሁት የእማዬን ውስጥ እግር ነው። አትሳቁ። ስኳር አለባት፣ ጉልበቷ ደግሞ ጎንበስ ብላ መርገጫዋን ለማየት እሺ አይላትም። ስለዚህ እህቴ ማታ ማታ እግሯን አጥባ፣ በጣቶቿ መሃል ሳይቀር አድርቃ፣ ፎቶ ታነሳና በቴሌግራም ትልክልኛለች።

አውራ ጣቷ ስር ጠቆር ያለ ነገር አየሁ። ከዚያ በፊት የላከችውን ከፍቼ አስተያየሁ። የለም! (ጠይም ቆዳ ላይ መቅላት ቶሎ አይለይም። ፎቶ ማስቀመጥ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።) ደወልኩ።

"እማ፣ አያምሽም?"

"ኧረ ምንም አይሰማኝም ልጄ!"

የሚያስፈራኝ እኮ ይሄ ነው። ስኳር ነርቭን ሲጎዳ እግር የሕመም ስሜቱን ሊያጣ ይችላል። እህቴ የእማዬን ጫማ ስታራግፍ ጠጠር ወጣ። ትናንት ቀኑን ሙሉ ረግጣው ውላለች፣ አላወቀችም።

ወዲያው ጤና ጣቢያ ሄዱ። ነርሷ በ10 ግራም ግፊት የሚጎብጥ ቀጭን የመፈተኛ ክር እግሯ ላይ እያሳረፈች "ይሰማዎታል?" ትላለች። ሁለት ቦታ ላይ አልተሰማትም። ደግነቱ ቆዳው አልተላጠም።

ስልክ ላይ የሚሰካ ሙቀት የሚያሳይ ካሜራም አለ። በሁለቱ እግሮች ተመሳሳይ ቦታ ላይ የ2.2 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ልዩነት ከቀጠለ ቁስል ሊመጣ እንደሚችል ምልክት ነው። ለጊዜው ኪሳችን አይችለውም። ተራው ካሜራ ይበቃናል።

ማታ ደግሜ ስደውል እማዬ ተቆጥታለች። "ፊቴን አንድ ቀን እንኳ እንዲህ ተጨንቃችሁ አንስታችሁት ታውቃላችሁ?"