ስኳር ያለባችሁ፣ ለቆዳ የብርሃን ምርመራ (ውድ ላምፕ) ታጥባችሁ አትሂዱ

ስኳር ከያዘኝ ቆይቷል። ክረምት ላይ በትንሿ የእግሬ ጣትና በአጠገቧ ባለችው መሀል ቆዳው ነጣ፣ ተላላጠ። ብብቴ ሥርም ቡናማ ነገር ወጣ። ፒያሳ አንድ ፋርማሲ ገባሁ። ልጁ ሳያየው «ጋሼ፣ ፈንገስ ነው» ብሎ ክሎትሪማዞል ሸጠልኝ። አልለቀቀኝም። ሌላ ፋርማሲ ደግሞ ስቴሮይድ ያለበት ቅባት ሰጡኝ፤ ማሳከኩ በረደ፣ ቆዳው ግን ያው ነው። በመጨረሻ የስኳር ክትትል ላይ ነርሷ አየችና ወደ ቆዳ ሐኪም ተላክሁ።

እዚህ ላይ ነው የተቃጠልኩት። ካርድ ክፍል የሰጡኝ ወረቀት «ለእግር ምርመራ የሚመጡ በሳሙና ታጥበው ይምጡ» ይላል። እኔም በደንብ ፈትጌ ታጠብኩ፣ በጠዋት ሄጄ ተሰለፍኩ፣ ሰዓት አልፎ ሰዓት ተተካና ተራዬ ደረሰ። ዶክተሯ መብራቱን አጥፍታ ውድ ላምፕ (Wood's lamp) የሚባለውን ወይን ጠጅ ብርሃን አበራችብኝ። ምንም የለም።

«ዛሬ ታጥበዋል?» አለችኝ።

«ታዝዤ ነዋ!»

የጠረጠረችው ፈንገስ ሳይሆን ኤሪትራዝማ ነው። ኮሪኔባክቴሪየም ሚኑቲሲመም የሚባል ባክቴሪያ ያመጣዋል፤ ስኳር ያለበት ሰው ላይ ይበዛል። ባክቴሪያው ፖርፊሪን የሚባል ንጥረ ነገር ይሠራል፤ በዚያ ብርሃን ቀይ ሆኖ የሚታየውም እሱ ነው። ፖርፊሪኑ ደግሞ በውሃ ይታጠባል! «ሳይታጠቡ ቶሎ ይምጡ» አለችኝ። መስኮቱ ጋ ስደርስ ግን «አባቴ፣ ቅርብ ቀን የለም፣ ሲስተሙ አይቀበልም»። ዶክተሯ ናት ቶሎ ና ያለችኝ ብል ማን ሰምቶኝ። ወረቀቱን የጻፈው ሰው እዚያው ሕንጻ ውስጥ መብራቱን የያዘችውን ሐኪም አንድ ቀን እንኳ አልጠየቃትም። እስካሁን ያናድደኛል። እግሩ የማይሰማው፣ ቁስል የጀመረው የስኳር ሰው እንዲህ ቢመለስስ?

በሚቀጥለው ቀጠሮ ሳልታጠብ ሄድኩ። ጣቶቼ መሀል እንደ ፍም ቀላ። ፈንገስ አብሮ ሊኖር ስለሚችል ቆዳዬን ፍቃ በማይክሮስኮፕ አሳየች፤ አልተገኘም። ክሊንዳማይሲን የሚባል የሚቀባ አንቲባዮቲክ አዘዘችልኝ፣ ለቀቀኝ።

እግራችሁን በየቀኑ ታጠቡ የሚለው ምክር ትክክል ነው፤ ጣቶቻችሁን መሀል ለመሀል አድርቁ፣ እርጥብ ካልሲ አትልበሱ። ለውድ ላምፕ ምርመራ ስትሄዱ ግን ወረቀቱ ምንም ቢል የምትመረመሩበትን ቦታ አትታጠቡ። ያፍራል እንዴ ሰው ለጤናው? ጫማችሁን ሳያስወልቅ «ፈንገስ ነው» ከሚላችሁ ሰው ቅባት አትግዙ። አንቲባዮቲክም በራሳችሁ አትጀምሩ። በፈንገስ መድኃኒት ካልለቀቃችሁ «ባክቴሪያ ቢሆንስ?» ብላችሁ ጠይቁ፣ ሐኪሙ ቢሰለችም። ከተሰነጠቀ ቆዳ ሌላ ኢንፌክሽን ይገባል። እግራችሁ ካበጠ፣ ከቀላና ከሞቀ፣ ወይም ትኩሳት ከመጣ ቀጠሮ የሚባል ነገር አትጠብቁ፤ ያኑ ቀን ድንገተኛ ክፍል ግቡ።