አሮጌውን አሎኬተር ከከርነላችን እንዴት አወጣሁት

ጎንደር ማራኪ አካባቢ ከተማሪዎች ጋር የምንማማርበት ትንሽ ከርነል (የኦፕሬቲንግ ሲስተም እምብርት) አለን። ውስጡ ሁለት የሜሞሪ አሎኬተር፣ ማለትም ሜሞሪ ለጠየቀው ኮድ የሚያድል ክፍል፣ ነበረበት። አዲሱን ሁሉም ይጠቀምበታል፣ አሮጌውን የሚጠራው የለም። አዲስ ተማሪ በመጣ ቁጥር ግን አሮጌውን ሲያነብ ይውልና ግራ ይገባዋል። አንዷ "ጋሼ፣ የማይሠራ ከሆነ ለምን አይወጣም?" አለችኝ። ልክ ነበረች።

ሊኑክስም ያለፈበት ነገር ነው። ስላብ፣ ስሎብና ስለብ የሚባሉ ሦስት አሎኬተሮች ለዓመታት ጎን ለጎን ኖረዋል። ስሎብ እ.ኤ.አ. በ2023 ከቨርዥን 6.4፣ ስላብ በ2024 ከቨርዥን 6.8 ወጡ፤ ስለብ ብቻውን ቀረ። ስሎብ ከካሽ (እኩል መጠን ላላቸው ነገሮች ከተዘጋጀ ክምችት) የሰጠውን ሜሞሪ መጠን አብሮ ስለማይመዘግብ፣ ያንን ሜሞሪ ኬፍሪ በሚባለው የተለመደ የመመለሻ ፋንክሽን መመለስ አይፈቀድም ነበር። ስሎብ ሲወጣ ክልከላውም አብሮ ተነሳ። ኮድ ማውጣትን የምወደው ለዚህ ነው፤ የቀረው ኮድ እጁ ይፈታል።

ሥራውን በግሬፕ (ፋይሎች ውስጥ ቃል በሚፈልግ መሣሪያ) ጀመርኩ። ግሬፕ ግን ብቻውን አይታመንም። እኛ ጋ የፔጅ ፎልት (ሜሞሪ ውስጥ የሌለ አድራሻ ሲነካ የሚመጣ ሁኔታ) ማክሮው፣ ማለትም ኮምፓይል ሲደረግ በኮድ የሚተካ አጭር ስም፣ የፋንክሽኑን ስም ከሁለት ቁራጭ ይገጣጥማል፤ ሙሉ ስሙ የትም አልተጻፈም። ግሬፕ ምንም አያገኝም፣ ፋንክሽኑ ግን ይጠራል። በኢፍዴፍ የተሸፈነ ኮድም አለ፤ አንድ ምርጫ ሲበራ ብቻ ብቅ ይላል። ስለዚህ ምርጫዎቹን እያበራሁና እያጠፋሁ ኮምፓይል አደረግኩ።

በጣም የጠቀመኝ ስታቲክ ነው፤ ፋንክሽኑ ከራሱ ፋይል ውጭ በስሙ እንዳይጠራ የሚያደርግ ቃል። ጂሲሲ (ኮምፓይለራችን) "ይህን ፋንክሽን የሚጠራው የለም" ብሎ የሚያስጠነቅቀው ፋንክሽኑ ስታቲክ ሲሆን ብቻ ነው። ስለዚህ ከፋይሉ ውጭ ፈላጊ የለውም ብዬ የጠረጠርኩትን ሁሉ ከሄደሩ (ፋይሎች ከሚጋሩት ዝርዝር) አውጥቼ ስታቲክ አደረግኩት። ሌላ ፋይል የሚፈልገው ከሆነ ኮምፓይለሩ ወይም ፋይሎቹን የሚያገጣጥመው ሊንከር ይጮኻል። ካልሆነ ጂሲሲ ራሱ ይጠቁመኛል። አንዱ ሲወጣ እሱ ብቻ ይጠራቸው የነበሩትም ይጋለጣሉ፤ እንዲህ እየተከታተልኩ ወረድኩ።

መጨረሻ ላይ ስትራክቶቹ (ተዛማጅ ዳታ አንድ ላይ የሚያዝባቸው ቅርጾች) ጋ ደረስኩ፤ ትልቁ ትርፍ የተገኘው እዚህ ነው። ለእያንዳንዱ ፔጅ (የሜሞሪ ቁራጭ) በምንይዘው ስትራክት ውስጥ አሮጌው አሎኬተር ብቻ የሚነካው ባለ 8 ባይት ፖይንተር (የሜሞሪ አድራሻ) ነበር። 8 ባይት ምንም አይመስልም። ግን ፔጅ 4 ኪሎባይት ነው፤ 4 ጊጋባይት ራም ማለት 1,048,576 ፔጅ ነው። ያ አንድ ፖይንተር ሲነሳ 8 ሜጋባይት ተመለሰልን። የተማሪዎቻችን ላፕቶፖች አሮጌ ናቸው፣ ይህ ለነሱ ቀላል አይደለም።

ሁሉንም በአንድ ኮሚት (ጊት ላይ በሚመዘገብ አንድ ለውጥ) አልጠረግኩትም። እየቆራረጥኩ፣ እያንዳንዱ ኮሚት ብቻውን ኮምፓይል እንዲሆንና ቡት እንዲያደርግ አድርጌ ነው። ኪሙ (ኮምፒውተርን የሚያስመስል ፕሮግራም) ላይ 64 ሜጋባይት ብቻ ሰጥቼ አስነሳዋለሁ፤ ሜሞሪ ሲጠብ የአሎኬተር ችግር ቶሎ ይወጣል። ነገ የሆነ ነገር ቢበላሽ ጊት ባይሴክት ጥፋተኛውን ኮሚት በቀላሉ ያገኘዋል። የኮሚቱ መልእክት ላይ የወጣውን ኮድ ማን ይጠራው እንደነበርና መቼ እንደተወ ጻፍኩ።

የስዋፕ (ሜሞሪ ሲጠብ ዳታን ወደ ዲስክ የሚያሸጋግር) ኮዱን አልነካሁትም። እሱንም አሁን የሚጠራው የለም፣ ግን አንድ ተማሪ ዲስኩን ሊያገናኝበት እየሠራ ነው። እስኪጨርስ እንጠብቀዋለን።