አባዬ ጋቢና ገባ

ፒክአፑን የገዛሁት ለሥራ ነው። ወለል አነጥፋለሁ፤ እንጨቱም መሣሪያውም የሚጫንበት ያስፈልገኛል። ባለቤቴ ከመጀመሪያው አልወደደችውም። «ቤተሰብ ያለው ሰው እንዴት ግማሹ ክፍት የሆነ መኪና ይገዛል?» ትለኛለች። ከዴንቨር ሲያትል ድረስ፣ ለእህቷ ልጅ ሠርግ፣ በእሱ እንሂድ ስላት ምን እንዳለችኝ ልተወው። የአምስት ሰው የአውሮፕላን ትኬት ሒሳብ ስንደምር ግን ዝም አለች።

መንገዱ 2,100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሦስት ቀን፣ ሁለት አዳር።

አምስተኛው ሰው አባዬ ነው። ከአገር ቤት ከመጣ አራት ወሩ ነበር። አራቱንም ወር ያሳለፈው በመስኮት በኩል የመኪና ማቆሚያውን ሲያይ ነው ብል አልዋሸሁም። እንዴት ነህ ሲሉት «ደህና ነኝ» ይላል። ልጆቼ አማርኛ ይሰማሉ እንጂ አይመልሱም። እሱም ደጋግሞ መጠየቅ አይወድም።

አባዬ ሹፌር ነበር። ሃያ ምናምን ዓመት ኤንትሬ ነድቷል፤ ፊያት 682 ኤን 3 ማለቴ ነው፣ ከነተሳቢው። መስመሩ አሰብ። ግንቦት 1990 ጦርነቱ ሲነሳ መንገዱ ተዘጋ፤ እሱም ብዙም ሳይቆይ መሪውን ተወው። ልጅ ሆኜ የማስታውሰው መምጣቱንና መሄዱን ነው። ሥራውን ሲሠራ አይቼው አላውቅም።

መኪናውን የጫንኩት እኔ ነኝ። ሻንጣዎቹ፣ የስጦታው ካርቶን፣ የልጆቹ ትራስና ብርድ ልብስ። ከላይ ሰማያዊ ሸራ አለበስኩና ጫፍ ጫፉን መንጠቆ ባላቸው ላስቲኮች ያዝኩት። አባዬ ዞሮ አየው። አንዱን ላስቲክ ሳብ አድርጎ ለቀቀው። ጧ! አለ። ምንም ሳይናገር ገባ። ቦታው ጋቢና ነው፤ ባለቤቴና ሁለቱ ልጆች ከኋላ። የፒክአፕ የኋላ ወንበር መደገፊያው እንደ ግድግዳ ቀጥ ያለ ነው። ገና ከተማውን ሳንወጣ ልጆቹ «መቼ ነው የምንደርሰው» ጀመሩ።

ከቻየን አለፍ ብሎ ኢንተርስቴት 80 የሚባለው አውራ ጎዳና ከፍተኛ ቦታው ላይ ይደርሳል፣ 2,633 ሜትር። ይሄን ስነግረው አባዬ ዙሪያውን አየና «ዳገቱን መቼ ወጣነው?» አለኝ። ከጠዋት ጀምሮ የመጀመሪያው ንግግሩ ነበር።

ከላራሚ በኋላ ነፋሱ ጀመረ። በዋዮሚንግ ያለፈ ሰው ያውቀዋል። ከላራሚ እስከ ሮውሊንስ ያለው መንገድ በነፋስ የታወቀ ነው። ባዶ ተሳቢ የሚጎትቱ መኪኖች እንዳያልፉ የሚከለከሉበት ጊዜ ሁሉ አለ። ከመንገዱ ዳር ረጃጅም የእንጨት አጥሮች ተደርድረዋል። አባዬ የከብት በረት መስሎት «ከብቱ የታለ?» አለ። በክረምት በረዶው መንገዱ ላይ እንዳይከመር የሚያግዱ ናቸው ስለው ሳቀ። አጥር ለበረዶ!

ከዚያ ከኋላ ፍርርር የሚል ድምፅ መጣ። ልጄ ጮኸች። በመስታወት ሳይ ሸራው እንደ ባንዲራ ቆሞ ይውለበለባል። አንድ ትራስ ተነሳ፤ ትንሽ አየር ላይ ቆየና ሜዳው ውስጥ ገባ። ባለቤቴ አንድ ቃል አልተናገረችም። ብትናገር ይሻለኝ ነበር።

በሚቀጥለው መውጫ ከባድ መኪኖች የሚያርፉበት ነዳጅ ማደያ ገባን። ሸራው ለሁለት ተቀዷል፤ ሦስቱ ላስቲኮች የሉም። እኔ ስልኬን አውጥቼ «ጭነት እንዴት ይታሰራል» እያልኩ ልፈልግ ነው። አባዬ ወረደ። ኮቱን አውልቆ ለባለቤቴ ሰጣትና «ገመድ ግዛ። ላስቲክ አይደለም፣ ገመድ» አለኝ።

«አባባ፣ እርስዎ ይቀመጡ፣ ነፋስ ነው» አለችው ባለቤቴ። አልሰማትም።

ገመድና ወፈር ያለ ሸራ ገዝቼ ስመለስ ካሶኒው ባዶ ነበር። ሁሉን መሬት አውርዶታል። ከባዱን ወደ ፊት፣ ወደ ጋቢናው አስጠጋ። ለስላሳውን መሃል ከተተ። ሸራውን ሲያለብስ የፊቱን ጫፍ ከዕቃው ሥር አጥፎ ዋጠው፤ ነፋስ የሚገባው ከዚያ ነው አለ። ከዚያ ገመዱን አንድ ጊዜ ጠምዝዞ ቀለበት አወጣ፣ ጫፉን በመንጠቆው አዙሮ በቀለበቱ አሳለፈ፣ እግሩን ጎማው ላይ ተከለና ወደ ኋላ ተንጋለለ። መኪናው ሙሉ ትንሽ ጎንበስ አለ። ሰባ ሁለት ዓመቱ ነው። ወንዱ ልጄ አፉን ከፍቶ ያየዋል። «ያዝ» አለው፤ ያዘ። «አጥብቅ» አለው፤ አጠበቀ። ትርጉም የጠየቀ የለም።

አጠገባችን አንድ ፂማም የከባድ መኪና ሹፌር በእንጨት ዱላ ጎማዎቹን እየመታ ይዞራል። በድምፁ ነው የጎማው አየር የሚታወቀው። አባዬ ሲያየው ቆመ። ሰውየውም ገመዱን አየ። መጥቶ በጣቱ ነካ ነካ አደረገው፤ እንደ ክራር ክር። ራሱን ነቀነቀ። አባዬ እጁን ዘርግቶ ዱላውን ተቀበለና የሰውየውን ጎማዎች አንድ በአንድ እየመታ ሄደ። አንዱ ጋ ሲደርስ ሁለቴ መታው። ሰውየው ጎንበስ ብሎ ሰማና ሳቀ። የአየር መለኪያ ሊያመጣ ወደ ጋቢናው ወጣ። እኔ ላስተረጉም ብዬ ተጠግቼ ነበር። ማንም አልፈለገኝም።

ከዚያ በኋላ አባዬን ማን ዝም ያሰኘው! በስተ ምዕራብ ከሮውሊንስ ቀጥሎ መንገዱ የውሃ መለያያውን መስመር፣ ዝናቡ ወደ አትላንቲክና ወደ ፓስፊክ የሚከፈልበትን፣ ሁለት ጊዜ ያቋርጣል። በሁለቱ መሃል የሚዘንበው ዝናብ የትኛውም ውቅያኖስ አይደርስም፤ እዚያው ይቀራል። ይሄን ከስልኬ አንብቤ ስነግረው «እንደ አዋሽ ነዋ» አለ። ዞሮም ለልጆቹ ነገራቸው፦ አዋሽ የሚባል ወንዝ አለ፣ ከደጋ ተነስቶ አፋር በረሃ ድረስ ይሄዳል፣ ባሕር ሳያይ አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። እሱ ሚሌ ላይ ያድር ነበር፤ ሙቀቱን ፈርተው የሚነዱት በሌሊት ነበር። ልጄ በአማርኛ «ለምን አያይም?» አለችው። ባሕሩን ማለቷ ነው። እኔና ባለቤቴ በመስታወት ተያየን።

ሁለተኛው ቀን ላይ ይሄ ነው የሚባል ነገር የለም። ዩታን ነካ አድርገን አይዳሆ፣ ቦይዚ አዳር። አንድ ነገር ግን አለ። አይዳሆ ላይ መንገዱ ለጥ ያለ ነው፤ አባዬ ቀስ ብሎ «ደክሞህ ከሆነ ትንሽ ልያዝልህ?» አለኝ። የኢንሹራንሱን ጉዳይ አስረዳሁት። እውነቴን ነው፣ አይቻልም። «እሺ» አለ። ሁለተኛ አልጠየቀም። እስካሁን ከራሴ ያልወጣው ይሄ ነው።

ሦስተኛው ቀን ኦሪገን ውስጥ፣ ፔንድልተን ከመድረሳችን በፊት፣ ካቤጅ ሂል የሚሉት ቁልቁለት አለ። በ10 ኪሎ ሜትር ውስጥ 600 ሜትር ያህል ይወርዳል፤ መታጠፊያው ደግሞ ጥምዝምዝ ነው። ጭነት አለብኝ፣ ፍሬን ላይ እግሬን ጥዬ እወርዳለሁ። አባዬ አፍንጫውን ነፋ ነፋ አደረገ።

«ፍሬኑ ሸተተ። ማርሽ ቀንስ።»

«አውቶማቲክ እኮ ነው አባዬ።»

«ማርሽ የሌለው መኪና የለም። በወጣህበት ማርሽ ነው የምትወርደው።»

ለካ ማርሹ ላይ የጭነት ምልክት ያለባት ቁልፍ አለች። ሦስት ዓመት ስነዳው ነክቻት አላውቅም። ተጫንኳት። ሞተሩ አጉረመረመ፤ መኪናው ራሱን ያዘ። እግሬን አነሳሁ።

ከመታጠፊያው በታች በቀኝ በኩል ወደ ላይ የሚወጣ፣ በጠጠር የተሞላ መንገድ ታየ። አባዬ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። ፍሬን እምቢ ያለው መኪና የሚገባበት ነው አልኩት፤ ጎማው ጠጠሩ ውስጥ ይሰምጥና ይቆማል። እስኪያልፈን ድረስ አንገቱን አዙሮ አየው።

«ጣርማበር ላይ ይሄ ቢኖር ስንቱ በተረፈ» አለ።

እስከ ሜዳው ድረስ ማንም አልተናገረም። ልጆቹም።

ሲያትል የደረስነው ማታ ነው፣ በዝናብ። ዘመዶች ወጥተው ዕቃ ሊያወርዱልን ተሻሙ። ቋጠሮው ግን እምቢ አላቸው። አንዱ ጎረምሳ ቢላ ይዞ መጣ።

«እንዳትቆርጠው!» አለ አባዬ ከጋቢና እየወረደ። የአንዱን ገመድ ጫፍ ይዞ ሳብ አደረገው። ሁሉም ተፈታ። ሸራው ሲነሳ ሥሩ ደረቅ ነበር። ዕቃው ሲገባ እሱ ዝናቡ ውስጥ ቆሞ ገመዱን በክንዱ ላይ ጠቀለለ። ከወንበሩ ሥር አስቀመጠው።

«ለመልሱ» አለኝ።